እትዬ ኮፒ በግራ መታጠፊያው ላይ ያልታዩበት ጉዳይ

የመስቀለኛው መንገድ ደኅንነት ጊዜያዊ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ነገሩ ከደረሰ በዘጠነኛው ቀን።
ቦታ፦ የጸሐፊው ልብስ ስፌት ቤት፣ አንደኛ ፎቅ፣ መስቀለኛውን መንገድ ቁልቁል በሚያሳየው መስኮት አጠገብ።
ሰዓት፦ ለዘጠኝ ተጠርቶ ከቀኑ 9፡40 ተጀመረ።

የተገኙ አባላት

1. ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፣ ሰብሳቢ።
2. እትዬ ኮፒ፣ የማዕዘኑ ጽሕፈት መሣሪያና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ አባል፣ በዛሬው ጉዳይ ከሳሽ። ቅጽል ስማቸው ከሥራቸው የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ የሚናገሩትን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚናገሩ ነው የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ንግግራቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተመዝግቧል።
3. ጋሽ ቀስበቀስ፣ የሠራተኛ ማመላለሻ ሚኒባስ ሹፌር፣ አባል፣ በዛሬው ጉዳይ ተከሳሽ።
4. ልብስ ሰፊው፣ ጸሐፊ፣ ይህን የሚጽፈው።
5. የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ አባል። እኚህ አባል ከማዶ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመው ለመሻገር ሲጠባበቁ በመስኮት በግልጽ ይታያሉ። ሰብሳቢው "የሚታይ ሰው የተገኘ ሰው ነው" ስላሉ ተገኝተዋል ተብሎ ተመዝግቧል።

ከአባላት ውጪ፦ የጋሽ ቀስበቀስ ልጅ፣ የእትዬ ኮፒን ልጅ የሚያገባው መካኒክ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ስለቀረው ሙሉ ልብሱን ሊለካ ቀድሞ የመጣ ሲሆን፣ ኮቱ በአርባ ሁለት ስፒል በላዩ ላይ እንደተያያዘ ሰብሳቢው ገብተው ስብሰባ በመክፈታቸው ባለበት ቆሟል። እንዲቀመጥ ተጋብዞ ነበር፤ ሊቀመጥ እንደማይችል በስፒሎቹ ምክንያት አስረድቷል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ አምስቱም አባላት እንዲገኙ ያዛል። አራቱ ክፍሉ ውስጥ፣ አንዱ ከማዶ ስላሉ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ በግራ መታጠፊያው ላይ ስለደረሰው ነገር

ሰብሳቢው ስብሰባውን የከፈቱት "እንኳን በሕይወት ተገናኘን" በማለት ሲሆን፣ እትዬ ኮፒ "እኔስ ለጥቂት ነው" ብለው አቋርጠዋቸዋል።

እትዬ ኮፒ ቃላቸውን ሲሰጡ፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡20 ላይ ለትምህርት ቤቱ ያባዙትን አራት መቶ ገጽ የሒሳብ ፈተና ታቅፈው ዜብራው ላይ እየተሻገሩ ነበር። የጋሽ ቀስበቀስ ሚኒባስ የግራ ፍሬቻ እያበራ ከዋናው መንገድ ወደ እሳቸው ታጠፈ። ጋሽ ቀስበቀስ ዓይን ለዓይን አይተዋቸው ሲያበቁ አልቆሙም። ፍሬን የያዙት በመኪናው አፍንጫና በእሳቸው ወገብ መካከል አንድ ስንዝር ሲቀር ነው። ከድንጋጤው የተነሣ ወረቀቱ ከእጃቸው አምልጦ መስቀለኛውን መንገድ ሞላው። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እየለቀሙ ስላገዟቸው በፈተናው የወደቀ አንድም ልጅ የለም።

ሰብሳቢው ስንዝሩ የማን ስንዝር እንደሆነ ጠይቀዋል። ከረዥም ውይይት በኋላ የእትዬ ኮፒ ስንዝር እንዲሆን ተወስኗል።

እትዬ ኮፒ ቀጥለው፣ ያናደዳቸው መኪናው እንዳልሆነ፣ ጋሽ ቀስበቀስ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው የተናገሩት ነገር እንደሆነ አስረድተዋል። ቃል በቃል ይመዝገብልኝ ስላሉ እነሆ፦ "ከየት መጡ?"

"ሠላሳ ዓመት እዚህ ማዕዘን ላይ የተተከልኩ ሴትዮ!" አሉ እትዬ ኮፒ። "ልጄን ለልጃቸው የሰጠሁ ሴትዮ! ከየት መጡ ይሉኛል? ከሰማይ ልውረድላቸው? የልጃቸውን አማት ያላዩ ሰው ነገ ልጄን በምን ዓይን ሊያዩልኝ ነው?"

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን፦ እትዬ ኮፒ ሠላሳ ዓመት ሙሉ "አንተ" ሲሏቸው የኖሩትን ጋሽ ቀስበቀስን ከማክሰኞ ወዲህ "እርስዎ" እያሏቸው ነው። እትዬ ኮፒ ከዚህ የከፋ ስድብ አያውቁም።

ጋሽ ቀስበቀስ ሲመልሱ፦ ሃያ ስድስት ዓመት ሲነዱ ድመት እንኳ ገጭተው እንደማያውቁ፣ ይህንንም የወጣላቸው ስም እንደሚመሰክር፣ ማክሰኞ ዕለትም ግራ ቀኛቸውን አይተው እንደታጠፉ ገልጸዋል። "እንደማመጥ፣ መንገዱ ባዶ ነበር" ብለዋል።

"ባዶ?" ብለው ጠይቀዋል እትዬ ኮፒ።

"ባዶ፣ እትዬ። በእግዜር ስም፣ ባዶ።"

እትዬ ኮፒ "ባዶ" የሚለው ቃል ስድብ ተብሎ እንዲመዘገብ ጠይቀዋል። ተመዝግቧል።

በዚህ ጊዜ መካኒኩ ሙሽራ ለመናገር እጁን ሊያነሣ ሞክሯል። እጅጌው ከጎኑ ጋር በስፒል የተያያዘ ስለነበር እጁ ከእምብርቱ አላለፈም። ሰብሳቢው ደንቡ "እጅን ከትከሻ በላይ ማንሣት" እንደሚል አስታውሰው፣ በዚያ ላይ ሙሽራው አባል ስላልሆነ፣ ሐሳብ ካለው ልዩ ልዩ ላይ እንደሚታይለት ገልጸዋል።

ጸሐፊውም በበኩሉ አንድ ነገር እንዲመዘገብ ጠይቋል፦ ከሳሿም ተከሳሹም ደንበኞቹ ናቸው፣ የሙሽራው ኮት ተቆርጧል፣ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ በማናቸውም ጉዳይ ድምፀ ተዓቅቦ ያደርጋል።

አጀንዳ 2፦ ወደ ግራ ስለመታጠፍ በአጠቃላይ

ሀ. ሰብሳቢው የችግሩ ሥር ግራ ራሱ እንደሆነ ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል። ሰው ሲመረቅ "ቀኝ ያውልህ" ይባላል እንጂ "ግራ ያውልህ" ተብሎ አያውቅም። ነገር የተምታታበት ሰው ግራ ገባው ይባላል፤ ቀኝ ገባው የተባለ ሰው ካለ ስሙ ይጠራ። ስለዚህ ወደ ግራ መታጠፍ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቶ፣ ወደ ግራ መሄድ የሚፈልግ ሹፌር ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ እንዲታጠፍ፣ ሦስት ቀኝ አንድ ግራ እንደሚሆንም በጥቁር ሰሌዳ ለአርባ ዓመት ሲያስተምሩ እንደኖሩ ገልጸዋል። ሰሌዳ ስላልነበረ በጸሐፊው ጠመኔ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ጥቁር ሱፍ ላይ ሥለው አሳይተዋል። ሱፉ የሙሽራው ሱሪ ነበር።

ጋሽ ቀስበቀስ ሦስተኛው ቀኝ እንደሌለ፣ እዚያ ቦታ ያለው የትምህርት ቤቱ ግንብ እንደሆነ ተናግረዋል።

ሰብሳቢው ካርታው ላይ እንዳለ ተናግረዋል።

ጋሽ ቀስበቀስ የማን ካርታ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው "አሁን የሣልኩት" ብለዋል።

ነገሩን በተግባር ለመፈተሽ አባላቱ ጠረጴዛውን ወደ ቀኝ ብቻ እየታጠፉ እንዲዞሩ ተደርጓል። ጋሽ ቀስበቀስ ከመስኮቱ ተነሥተው፣ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ታጥፈው፣ ከመጋረጃ ኋላ ያለው የልብስ መለኪያ ክፍል ገብተው በመስታወት ውስጥ ከራሳቸው ጋር ተገናኝተዋል። ሰብሳቢው ሙከራውን አበረታች ብለውታል።

ድምፅ ሲሰጥ ሰብሳቢው ደገፉ። እትዬ ኮፒ ጋሽ ቀስበቀስ ስለተቃወሙት ብቻ ደገፉ። ሦስተኛ ድምፅ ሲፈለግ ጸሐፊው በመስኮት ቢመለከት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከማዶ እጃቸውን ከትከሻቸው በላይ አንሥተዋል። በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ግራ እንዲቀር፣ ግንቡም እንዲነሣ በደብዳቤ እንዲጠየቅ ተወሰነ።

ለ. ጋሽ ቀስበቀስ "እንግዲያውስ የኔም ሐሳብ ይሰማ" ብለው፣ ማንኛውም እግረኛ ዜብራው ላይ ከመውጣቱ በፊት ስሙን፣ ሥራውንና የሚሄድበትን ጮክ ብሎ እንዲናገር ሐሳብ አቅርበዋል። እትዬ ኮፒ ቤት እያላቸው መንገድ ላይ ቆመው የሕይወት ታሪካቸውን የሚያነቡ ሴት እንዳልሆኑ ተናግረዋል። ሰብሳቢው ግን ስም ጥሪ በትምህርት ቤትም ፍሬ ያፈራ ዘዴ ነው ብለው ደገፉ። ከማዶም እጅ ተነሥቶ ስለታየ ተወሰነ። እግረኛው ስሙ ከተጠራ በኋላ "አቤት" የሚለው ማን እንደሆነ በሚቀጥለው እንዲጠና ተባለ።

ሐ. እትዬ ኮፒ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ሐሳብ አቀረቡ፦ ጋሽ ቀስበቀስ "አይቼዎት ነበር" ብለው እስኪያምኑ ድረስ ሠርጉ ይቆይ።

ጋሽ ቀስበቀስ "ያላየሁትን አየሁ ብዬ እንዴት ልመን፣ እትዬ?" ብለው ጠየቁ። እትዬ ኮፒ "ያዩትን አላየሁም ማለት ከቻሉ ያኛውም አያቅትዎትም" ብለው መለሱ።

ድምፅ ተሰጠ። እትዬ ኮፒ ደገፉ። ሰብሳቢው ድምፅ የሚሰጠው ለዕረፍት ስለመውጣት ስለመሰላቸው ደገፉ። ከማዶ ያሉት አባል በዚህ ጊዜ ሁለቱንም እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ አንድ ድምፅ ብቻ ተቆጥሮላቸዋል። ሠርጉ እንዲቆይ በሦስት ድጋፍ ተወሰነ።

ሙሽራው በዚህ ቅጽበት ሳይፈቀድለት ተንቀሳቅሷል። ሰባት ስፒሎች ረግፈዋል፤ ሌሎች አራት ወደ ውስጥ ገብተዋል። "ቋሚው ነው!" ብሎ ጮኋል። "አባዬም አልዋሸ፣ እትዬም አልዋሹ! ቋሚው ነው!"

ሰብሳቢው "ቋሚው" ሲባል ቋሚ ኮሚቴው የተነካ ስለመሰላቸው፣ ይህ ኮሚቴ ጊዜያዊ እንጂ ቋሚ እንዳልሆነ፣ ስድቡ ለሚመለከተው አካል እንዲቀርብ አሳስበዋል።

ሙሽራው ኮሚቴ አለማለቱን አስረድቷል። ያለው የመኪናውን ቋሚ ብረት ነው፤ የፊት መስታወቱንና የሹፌሩን በር የሚለየውን፣ ጣሪያውን የሚሸከመውን። "ጋራዥ ውስጥ በቀን አሥሩን እፈታለሁ" አለ። "ወደ ግራ ስትታጠፍ መኪናው ይዞራል፣ ብረቱም አብሮ ይዞራል። ሰውየውም ዜብራው ላይ ይራመዳል። እርምጃቸው እኩል ከሆነ ሰውየው ከብረቱ ጀርባ ብቅ ሳይል መኪናው አፍንጫ ሥር ይደርሳል። አባዬ ያየው ብረት ነው፤ እትዬ ያዩት አባዬ ፊቱን ወደ እሳቸው ማዞሩን ነው። ፊት ማዞርና ማየት ለየቅል ነው።"

እትዬ ኮፒ የብረቱ ስፋት ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ሙሽራው አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር እንደሆነ መለሰ።

እትዬ ኮፒ ከእግር እስከ ራሳቸው ራሳቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። "አንተ ትለካኛለህ። የኔን ስፋት ተናገር።"

ጸሐፊው የደንበኛን ልክ አደባባይ ማውጣት የሙያው ሥነ ምግባር እንደማይፈቅድለት ገልጾ፣ ከአሥራ አንድ ግን እንደሚበልጥ አልካደም።

"እንግዲህ እኔ በአሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ተሸፈንኩ?" አሉ እትዬ ኮፒ። ቁጣ ይሁን ደስታ ከድምፃቸው መለየት አልተቻለም። ዓረፍተ ነገሩ በሁለት ቅጂ እንዲመዘገብ ጠይቀዋል።

ሙሽራው ሁሉም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ከሌላው ዓይኑ ፊት እንዲያቆም፣ ከዚያም ሰብሳቢውን እንዲመለከት ጠየቀ። ተደረገ። ሰብሳቢው ከነወንበራቸው ጠፉ። ጋሽ ቀስበቀስ ሰብሳቢ በሌለበት ስብሰባው እንዴት እንደሚቀጥል የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ። ሰብሳቢው "አለሁ!" ቢሉም፣ በ5ኛ ተራ ቁጥር ላይ ራሳቸው በሰጡት ውሳኔ መሠረት የተገኘ ማለት የሚታይ ማለት ስለሆነ ምልዓተ ጉባኤው ለአንድ ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ተጓድሎ ነበር። ጣቶች ሲወርዱ ተሟልቷል።

ከረዥም ውይይት በኋላ ኮሚቴው ወርዶ በአካል እንዲያይ ተወሰነ። ሙሽራው ደረጃውን በጎኑ እየተራመደ፣ እጆቹን እንደ ልብስ መስቀያ ዘርግቶ ወርዷል።

የመስክ ምልከታ፣ ከቀኑ 11፡05

ሚኒባሱ ማክሰኞ መታጠፍ በጀመረበት ቦታ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ፣ አፍንጫው ወደ ግራ ዞሮ ቆመ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ በሰብሳቢው ኪስ ገባ። እትዬ ኮፒ በሹፌሩ ወንበር ላይ ወጡ። ወንበሩ ወደ ፊት እንዲጠጋላቸው፣ ከዚያ ወደ ኋላ እንዲመለስላቸው አዘዋል። ጋሽ ቀስበቀስ ደግሞ እግረኛ ሆኑ። እትዬ ኮፒ ነገሩ እውነተኛ እንዲሆን ስላሉ ከሱቃቸው አራት መቶ ገጽ ባዶ ወረቀት አስመጥተው አስታቀፏቸው።

ጋሽ ቀስበቀስ ዜብራው ላይ መራመድ ጀመሩ። የሚከተለው እንዳለ የተጻፈ ነው።

"ይኸው አየኋቸው" አሉ እትዬ ኮፒ ከመሪው ኋላ። "ወረቀት ታቅፈዋል። ሸሚዛቸው አልተተኮሰም። ይኸው እየመጡ ነው። ይህን የማያይ ማነው? ይኸው... ወዴት ሄዱ?"

"እዚሁ ነኝ" አሉ ጋሽ ቀስበቀስ፣ ቆም ብለው።

"የት?"

"ዜብራው ላይ፣ እትዬ። ፊት ለፊትዎ።"

"አንተ ሰውዬ፣ አትደበቅ!"

ጸሐፊው እዚህ ላይ "አትደበቅ" መባሉን፣ "አይደበቁ" አለመባሉን ልብ ብሎ ከሥሩ አስምሮበታል።

"አልተደበቅኩም። እጄን እያወዛወዝኩ ነው።"

እትዬ ኮፒ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ ትክ ብለው ወደ ፊት አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦ "ማክሰኞ እንዲህ ነው የጠፋሁብህ?"

"እንዲህ ነው፣ እትዬ።"

"ሁለመናዬ?"

"ሁለመናዎ።"

ጋሽ ቀስበቀስ ወረቀቱን እንደታቀፉ ወደ መኪናው መስኮት ተጠጉ። ሳይጠየቁ ተናገሩ፤ ሰብሳቢውም አላቋረጧቸውም። "ከማክሰኞ ወዲህ ሠራተኞቹ 'ጋሽዬ ምን ሆነሃል፣ ምሳ እንኳ አትበላም' ይሉኛል። ያቺን ስንዝር ነው የማስበው። ጎማው ትንሽ ቢያንሸራትት ለልጆቹ ምን ብዬ ልነግራቸው ነበር? ከየት መጡ ያልኩት ንቄዎት አይደለም። የምሬን ጠይቄ ነው። እውነት ከየት እንደመጡ አላወቅሁም ነበር።"

"እኔ ደግሞ የናቅኸኝ መስሎኝ" አሉ እትዬ ኮፒ። ይህንን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማንም የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አላቀረበም።

ከዚያ እትዬ ኮፒ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ ጎናቸው ያለውን ብረት በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉና "ይኼ ግን አሥራ አንድ አይሆንም፣ ለካው" ብለው ጸሐፊውን አዘዙ። ጸሐፊው አንገቱ ላይ በነበረው ሜትር ለካ። ብረቱ ለብቻው፦ 11 ሴንቲ ሜትር። ብረቱ ላይ ተጠቅልሎ ከታሰረው ባለ ዘርፍ ቀይ የከፋይ መጋረጃ ጋር፦ 27 ሴንቲ ሜትር።

ሙሽራው መጋረጃውን ማን እንደሰቀለው ጠየቀ። ጋሽ ቀስበቀስ ባለፈው ወር መኪናውን ለሠርጉ ሊያሳምሩ ብለው እንዳሰፉት ተናገሩ። ማን እንደሰፋው ሲጠየቁ ወደ ጸሐፊው ተመለከቱ። የሁሉም ዓይን ተከተለ።

ጸሐፊው ልኩ የተወሰደው በደንበኛው ፈቃድ መሆኑን፣ ዘርፉ በነፃ የተጨመረ መሆኑን፣ ስፌቱም ድርብ መሆኑን ገልጿል። ይህ አንቀጽ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣም ጠይቋል። ጥያቄው በሦስት ድምፅ ወድቋል፤ ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ነበር።

እትዬ ኮፒ መጋረጃውን በአንድ ጉተታ አወረዱት። ስፌቱ አልተተረተረም፤ የወጣው ማንጠልጠያው ከነብሎኑ ነው።

ቀጥሎ ሙሽራው አባቱን መሪ ላይ አስቀምጦ ዘዴውን አሳየ፦ ከመታጠፍህ በፊት ፍጥነትህን ወደ እግረኛ እርምጃ አውርድ፣ ከወገብህ ወደ ፊት ጎንበስ በል፣ ቀና በል፣ እንደገና ጎንበስ በል፤ ያኔ ከብረቱ ኋላ ያለ ሰው ብቅ ይላል። ሰብሳቢው እግረኛ ሆነው ዜብራው ጫፍ ላይ ቆሙ። ሞተር ተነሣ፣ የግራ ፍሬቻ በራ። ጋሽ ቀስበቀስ ዘዴውን ተከትለው ጎንበስ አሉ።

ሰብሳቢው ሰላምታ መስሏቸው እሳቸውም ጎንበስ አሉ።

ጋሽ ቀስበቀስ ቀና ብለው በድጋሚ ጎንበስ አሉ። ሰብሳቢው ከበፊቱ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። "ደኅና ነህ? ቤተሰብ ደኅና?" ብለዋል። ጋሽ ቀስበቀስ ሰው ሰላም ሲላቸው ዝም ማለት ስለማይሆንላቸው "እግዜር ይመስገን" እያሉ ለሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ አሉ። አንድ የቆሻሻ መኪና፣ ሁለት ታክሲና አንድ ሞተር ብስክሌት ከኋላ ተደረደሩ። የታክሲዎቹ ሹፌሮች ምን እንደቆመ ለማየት ጎንበስ ሲሉ ከማዶ ያሉ መንገደኞችም አጸፋውን መለሱ። መስቀለኛው መንገድ በአራቱም አቅጣጫ ለስድስት ደቂቃ ያህል ሰላም ሲባባል ቆይቷል። ክላክስ የነፋ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን እሱም "ባለጌ" ተብሏል።

መኪናው ሁሉ ስለቆመ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከሁለት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ተሻግረው ከኮሚቴው ጋር ተቀላቀሉ። ሰብሳቢው ለሰጡት ድጋፍ አመሰገኗቸው።

"የምን ድጋፍ?" አሉ።

ግራ እንዲቀር፣ እግረኛ ስሙን እንዲጠራ፣ ሠርጉም እንዲቆይ እጃቸውን ማንሣታቸው ተነገራቸው።

"እጄን ያነሣሁት መኪናዎቹ እንዲቆሙልኝ ነው!" አሉ። "ሁለት እጄን ባነሣም የቆመልኝ የለም። ደግሞ ምን ሲባል ነው የኔ እጅ ሠርግ የሚያስቆመው? ተጠርቻለሁ እኮ! ጫማ ሁሉ ገዝቻለሁ!"

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ (መንገድ ላይ፣ እንደተቆመ)

ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፦

ኮሚቴው ዛሬ በአጀንዳ 1 እና 2 የወሰነውን ሁሉ፣ የስንዝሩን ባለቤትነት ጨምሮ፣ ሽሯል። ግራ በነበረበት ይቀጥላል፤ ግንቡም በነበረበት ይቆማል። እግረኛ ስሙን ለማንም አይናገርም። "ባዶ" የሚለው ቃል ወደ ቀድሞ ትርጉሙ ተመልሷል። ወደ ግራ የሚታጠፍ ሹፌር ቀስ ብሎ፣ ከቋሚው ብረት ኋላ ሰው አለ ብሎ አስቦ፣ አንገቱን ወዲህና ወዲያ ብሎ ያያል፤ እግረኛው ይህን እንደ ሰላምታ እንዳይቆጥር ለማሳወቅ ታስቦ ነበር፣ እንዴት እንደሚነገር ስላልታወቀ ቀርቷል። መጋረጃው አስቀድሞ ስለወረደ ውሳኔ አላስፈለገውም። ሠርግ የማቆምም ሆነ የማስቀጠል ሥልጣን ለዚህ ኮሚቴ ያልተሰጠ መሆኑ ታምኖበታል። ሙሽራው ምስጋና አቅርቦ ስፒሎቹ እንዲነቀሉለት ጠይቋል። ስፌት ቤቱ እስኪደርሱ ድረስ እንዲጠብቅ ተነግሮታል።

ስብሰባው ከቀኑ 12፡10 ላይ ተዘግቷል።

ማስታወሻ፦ ከተዘጋ በኋላ ጋሽ ቀስበቀስ እትዬ ኮፒን ወደ ቤታቸው ሊያደርሷቸው ጋቢና አስቀመጧቸው። ጸሐፊው ፎቅ ላይ ሆኖ ስፒል እየነቀለ፣ ሙሽራውም እየተነቀለለት በመስኮት ያዩ ነበር። ሚኒባሱ የግራ ፍሬቻ አብርቶ ከመታጠፊያው ላይ ቆመ። ጋሽ ቀስበቀስ አንድ ሴትዮ ሲያዩ አሳለፏቸው፤ እትዬ ኮፒ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሲያዩ "ቆይ፣ ቆይ፣ እሱም ይለፍ" አሉ። የትምህርት ቤቱ መምህራን አለፉ። ከአውቶቡስ የወረዱት ሁሉ አለፉ። አንድ ሰውዬ ሊሻገር አላሰበም ነበር፤ ግን እትዬ ኮፒ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው "አየንህ! እለፍ፣ እለፍ!" ሲሉት አፍሮ ተሻገረ።

ሚኒባሱ 12፡31 ላይ ታጥፏል።

ጸሐፊ፦ ልብስ ሰፊው